ለማዳመጥ ነው ወይስ ለስክራች

ሸክላው አቃሰተ።

ሚጡ በጣቶቿ ጫፍ ወደ ኋላ ስባ ወደ ፊት ስትገፋው የጠበቀችው ያንን ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ «ዊኪ ዊኪ» ነበር። የወጣው ግን የበሽተኛ ማቃሰት ነው። ሸክላው የተቀመጠበት ሳህን ከመዳፏ ስር ዝሎ ቆመ። እጇን ስታነሳለትም ቶሎ አልተነሳም፤ ጠዋት ለትምህርት ቤት እንደተቀሰቀሰ ልጅ እየተለገመ፣ እየተጎተተ መዞር ጀመረ። በሸክላው ላይ ያለው ዘፋኝም አብሮት በጎርናና ድምፅ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ የሚጡን ጆሮ ለማጋል ግን በቂ ነበር።

የሙዚቃ ክበቡ ክፍል ድሮ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር፤ አሁንም ጥግ ጥጉን እግር የጎደላቸው ወንበሮች ተደራርበዋል። የክበቡ አባላት በሙሉ አዲሱን የሸክላ ማጫወቻ ሊያዩ ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል። ዓመቱን ሙሉ አሮጌ ወረቀትና ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው፣ ሸጠው ነው የገዙት። ማጫወቻው ሲያዩት ያምራል። ቀይ ቆዳ የለበሰ ሣጥን ነው፣ ማዕዘኖቹ ወርቅማ ናቸው፣ ሲበራ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ይበራል። የመረጠችው ሚጡ ናት። ታዲያ ማን ሊመርጥ ኖሯል? በትምህርት ቤቱ ውስጥ «ዲጄ» ተብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት።

«አይዞሽ ዲጄ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ነው» አለ ጎማ።

ጎማ የክበቡ ራፐር ነው። ስሙን ያገኘው ኳስ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ቢጥሉት እየነጠረ ስለሚነሳ ነው። ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ግጥሙን ጽፎ ጨርሷል፤ የቀረው ከኋላው የሚገባው የሚጡ ስክራች፣ ሸክላውን በእጅ እያመላለሱ የሚያወጡት ድምፅ፣ ብቻ ነው።

ደግማ ሞከረች። አሁንስ ባሰ። መርፌው ዘለለና እየተንጫጨ ሸክላው መሃል ላይ አረፈ። ሚጡን ላብ አጠመቃት። እዚህ ላይ «አልቻልኩም» ማለት ይቻል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። እሷ ግን አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ተበላሽቷል» አለች። «ቅዳሜ ስናመጣው ቀስቤ ደረጃው ላይ አጋጭታዋለች።»

ሁሉም ወደ ቀስቤ ዞሩ።

ቀስቤ የሚጡ የልብ ጓደኛ ናት። ስትጽፍም፣ ስትበላም፣ ጥያቄ ስትመልስም ሁሉን ነገር በዝግታ ስለምታደርግ አንድ መምህር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ተረቱባት፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ፣ ሲያጥር ደግሞ ቀስቤ ሆና ቀረች። እውነት ነው፣ ቅዳሜ ካርቶኑን ለሁለት ይዘው የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲወጡ እግሯን አዳልጧት አንዱ ጥግ ድንጋዩን ነክቷል። ነክቷል እንጂ አልወደቀም። ያኔ ቀስቤ ደንግጣ «አስቀምጪው፣ ከፍተን እንየው» ስትል «ምንም አልሆነም፣ ውስጡ በስፖንጅ ተሞልቷል፣ አታካብጂ» ብላ የሳቀችባት ራሷ ሚጡ ነበረች።

«ምንም አልሆነም ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች ቀስቤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ውስጡን አላየሁማ» አለች ሚጡ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ቀስቤ አልተከራከረችም። እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሆኑ ሁሉ። ክበቡን የሚመሩት የጂኦግራፊ መምህር ማንም ማንም ላይ ጣቱን እንዳይቀስር አስጠነቀቁ። ዕቃው ከወደቀ የሸጡላቸው ባለሱቅ እንደማይቀይሩት ያውቃሉና ረቡዕ ከፍቶ የሚያይ ጠጋኝ እንደሚያመጡ ነገሯቸው። ሚጡ ማጫወቻውን አጥፍታ ክዳኑን ስትዘጋ ወደ ቀስቤ በኩል ላለማየት አንገቷን አዙራ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በትንሽ ወሬ ነው።

የሚጡ አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ዘንድ ይሠራል። ስፒከር ይሸከማል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ ሲያልቅ ገመድ ይጠቀልላል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ልጆቹ ተሰብስበው አንዱ አጎቴ አብራሪ ነው፣ ሌላዋ አክስቴ ቴሌቪዥን ላይ ትታያለች ሲባባሉ ሚጡ የምትጎርርበት ዘመድ አጣች። «የኔ አጎት ዲጄ ነው» አለች። ዝም ቢሉላት ጥሩ ነበር፤ «አንቺስ ትችያለሽ?» አሏት። «ስክራች አስተምሮኛል» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ዲጄ ይላት ጀመር። ስሙ ደግሞ ጣማት። ሰው ኮሪደር ላይ «ዲጄ!» ብሎ ሲጠራት ቁመቷ የጨመረ ይመስላት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሚጡ ሰነፍ ውሸታም አይደለችም። የዋሸችውን እውነት ለማድረግ ጥራለች። እናቷ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ውስጥ ያለውን ተሽከርካሪ በርጩማ ገልብጣ፣ በላዩ የብረት ትሪ አድርጋ፣ ስልክ ላይ ያየቻቸውን ዲጄዎች እየተከተለች በትሪው ላይ እጇን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታመላልሳለች። ድምፁን የምታወጣው በአፏ ነው። እናቷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ይቺ ልጅ ዛሬም ትሪ ታሻለች» ትላለች። እጇ ፈጥኗል፣ ምቱንም ይዛለች። እውነተኛው ዕቃ እስኪመጣ ነው እንጂ ከመጣማ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል ብላ ራሷን አሳምናለች።

ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌው ባለሱቅ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ፣ ዋጋቸው የሚቀራረብ ሁለት ዕቃ አወጡላቸው። አንዱ ያ ቀይ ነው። ሌላው ያገለገለ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተላጠ፣ የሆነ ሰው የለጠፈበት ስቲከር በግማሽ ተቀድዶ የቀረበት ነበር። ከጎኑ ድምፁን ድንገት የሚቆርጡበት ተንሸራታች ቁልፍ ያለው ትንሽ የድምፅ ማቀላቀያ፣ ሚክሰር፣ አብሮት አለ። ሚጡ ከቀዩ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ቀስቤ ግን ወደ ጥቁሩ ሄዳ ሳህኑን በአንድ ጣቷ አዞረችው፣ አቆመችው፣ መልሳ አዞረችው።

«የዚህ ሞተር በቀጥታ ከሳህኑ ስር ነው ይላል» አለች ከጎኑ የተለጠፈውን እያነበበች። «የዛኛውስ?»

ያኔ ነው ባለሱቁ የጠየቁት። «ለማዳመጥ ነው ወይስ ለስክራች?»

ሚጡ የጥያቄው ትርጉም አልገባትም ነበር። ሸክላ ሸክላ ነው፣ ማጫወቻም ማጫወቻ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ዲጄ የተባለች ልጅ ጓደኛዋ ፊት እንዲህ ብላ ትጠይቃለች? «እናውቃለን ጋሼ» አለች። ለቀስቤም «አጎቴ የሚጠቀመው ራሱ እንዲህ ዓይነቱን ነው» አለቻት። ባለሱቁ ዕቃው ካልወደቀና ውስጡ በመፍቻ ካልተከፈተ በሳምንቱ ውስጥ ልቀይርላችሁ እችላለሁ ብለው ቀዩን አሸጉላቸው። ቀስቤ አንድ ጊዜ ወደ ጥቁሩ ዞር ብላ አየችና «አንቺ ካልሽ እሺ» አለች።

ሰኞ ያ ሁሉ ጉድ ከፈላ በኋላ፣ ሚጡ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሄደችው ወደ እናቷ ሱቅ ነው። የተቆረጠ ጨርቅና የማሽን ዘይት የሚሸተው ያ ጠባብ ሱቅ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው። በርጩማውንና ትሪውን ስታይ ፊቷን አዞረች።

እናቷ ደንበኛ እየለካች ስለነበር የቀሚሱን ጫፍ አንቺ ጨርሺው አለቻት። ሚጡ ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀመጠች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የሰፋችበት፣ ኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት አሮጌ መኪና ነው። እግሯ ፔዳሉን እየረገጠ ሐሳቧ ግን እዚያ ክበቡ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቀስቤ እጆቿን ገልብጣ ስታይ። ድንገት ጨርቁ ከመርፌው ስር ተጣጠፈ። ደነገጠችና እግሯን ሳታነሳ በቀኝ እጇ መዘውሩን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

ሞተሩ አቃሰተ። ስትለቀው መዘውሩ ወዲያው አልተነሳም፤ እየተለገመ፣ እየተንሸራተተ መዞር ጀመረ።

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ የመለኪያውን ጥብጣብ እንደያዘች። «ይሄንን ጥፋት ሕፃን ሆነሽ ነው እኮ የተውሽው።»

እውነቷን ነው። ሚጡ ፊደል ሳትጨርስ የተማረችው ነገር ነው፤ መጀመሪያ እግር ከፔዳሉ ይነሳል፣ ቀጥሎ እጅ ይይዛል። ሞተሩንና መዘውሩን የሚያገናኘው ቺንጊያ የሚባል የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ መዘውሩን በእጅ ከያዙት ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ሞተሩም ያቃስታል። መኪናው ስለተበላሸ አይደለም። በቺንጊያ የሚዞር ነገር ጠባዩ እንደዚህ ነው።

እጇ መዘውሩ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ያቺን ማቃሰት ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ መስማቷ ነው። ቀዩ ማጫወቻ ከካርቶኑ ሲወጣ ቺንጊያው ለብቻው በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። ጎማ «ይሄ ላስቲክ ደሞ ምንድን ነው?» ሲል «አምጣ ወዲህ» ብላ፣ የሰፊ ልጅ አይደለች፣ በሁለት ጣቷ ወጥራ ሳህኑና ሞተሩ ላይ ያጠለቀችው ራሷ ናት። ሁሉም «ዲጄ ትችያለሽ!» ብለው አጨብጭበውላት ነበር። ቺንጊያውን በእጇ አጥልቃ፣ ወዲያው ደግሞ በዚያው እጇ ሳህኑን እየዞረ ያዘችው። ሥራዋን የምታውቅ እናት ያሳደገቻት ልጅ፣ ሰው እያየኝ ነው ብላ የምታውቀውን ረሳች።

ስለዚህ ማጫወቻው አልተበላሸም። የተሠራው ሙዚቃ አስቀምጦ ለማዳመጥ ነው፤ እጅ እንዲያርፍበት አልተሠራም። ያ የተላጠው ጥቁሩ ነው ቺንጊያ የሌለው፣ ሞተሩ ከሳህኑ ስር ያለው። ቀስቤ በአንድ ጣቷ ነክታ ያገኘችውን ሚጡ በዲጄነቷ አላየችውም። ከዚህም የባሰው፣ ቀስቤ ምንም አላደረገችም።

«ምን ሆነሻል ነው የምልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ነገር ሰው ፊት ላይ እንዲህ አይታይም» አለች እናቷ። ግን ደንበኛዋ ቆማ ነበርና ወደ ልኬቷ ተመለሰች።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ቀስቤ ውሃ ቧንቧው አጠገብ ጠበቀቻት። ሚጡ ልትሰድበኝ ነው ብላ ተዘጋጅታለች። ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

«ይቅርታ ልልሽ ነው» አለች ቀስቤ። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ሰው ሁሉ ፊት አሳፈርኩሽ። ያን ያህል የተለማመድሽበትን ነገር በዝርክርክነቴ አበላሸሁብሽ።»

ሚጡ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ከፈተች።

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለች ቀስቤ ቀጥላ። «አልተቆጣኝም፣ ዝም ብቻ አለ። ነገ ተነስቼ እኔ ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ክበቡን እለቃለሁ። በዚያውም ዕቃ ከመሸከም እገላገላለሁ።» መጨረሻዋን ቀልድ ልታደርገው ብላ ነበር፤ አልሆነላትም።

ሚጡ «አልተበላሸም» ልትላት ነበር። አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ። ሚጡ ደወሉን እንደ ጥሩ ሰበብ ይዛ «ሒሳብ አለን» ብላ ሮጠች።

ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሁሉ አልታያት አለ። ራሷን ጠላች። ሰኞ ሳታውቅ ነው የዋሸችው ማለት ይቻል ይሆናል። ዛሬ ግን አውቃ ነው ዝም ያለችው፣ ያውም የበደለቻት ልጅ ይቅርታ እየጠየቀቻት። ሁለት መደዳ ወደ ፊት የቀስቤ ጀርባ ይታያታል፤ እንደወትሮው ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ ትጽፋለች። ሚጡ ቀኑን ሙሉ ያንን ጀርባ ስታይ ዋለች።

ረቡዕ ጠጋኙ ከክበቡ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። በጥርሱ የክብሪት እንጨት የያዘ ወጣት ነው፤ መፍቻዎቹን ጨርቅ ላይ ደርድሮ ቀዩን ሣጥን በጀርባው ገለበጠና «ይከፈት?» አለ። መምህሩ ትንሽ እንዲቆይ ነግረውት ወደ ቀስቤ ዞሩ። ቀስቤ ከተማሪዎቹ መሃል ቀስ ብላ ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ይዛዋለች።

«ደረጃው ላይ ያጋጨሁት—»

«አልተበላሸም።»

ሚጡ ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ነው። አሁን ወደ ኋላ የለም። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ጠጋኙን ከተከፈተ አይቀየርም ብላ ለመነችው። ሣጥኑን በእግሩ አቁማ ሳህኑን ወደ ላይ ስታነሳው ከስሩ ያ ቀጭን ጥቁር ቺንጊያ ከሞተሩ ተላቅቆ ተንጠለጠለ።

«የእናቴ ስፌት መኪና ላይ ያለው ዓይነት ነው» አለች። ቃላቱ አንድ በአንድ ነበር የሚወጡላት። «እየዞረ በእጅ ሲይዙት ያቃስታል። ይሄ ለማዳመጥ ነው የተሠራው። ለስክራች የሚሆነው ጥቁሩ ነበር። ቀስቤ እሱን እያየች እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት። ባለሱቁም ጠይቀውኝ ነበር፤ እናውቃለን አልኳቸው።»

መምህሩ ደረጃው ላይ የተባለውስ አሉ። ጥጉ ብቻ እንደነካ፣ ቀስቤ ከፍተን እንየው ስትላት ራሷ እንደሳቀችባት ተናገረች። ያንን ስትናገር ዓይኗ መሬት ላይ ነበር።

ጎማ ግንባሩን ቋጠረ። «ቆይ፣ አጎትሽ የሚጠቀመው ግን እንዲህ ዓይነቱን አይደል እንዴ?»

ነገር ሊያመጣባት ብሎ አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው። ሚጡ አንድ በር እንደቀረላት አየች። የአጎቴ ትንሽ ይለያል ብትል ማንም አይመረምርም፤ ማጫወቻው ይቀየራል፣ ቀስቤም ነፃ ትወጣለች፣ ዲጄ የሚለው ስምም ለሷ ይቀራል። ውሸቱ ተተኩሶ እንደተሰቀለ ልብስ ዝግጁ ነበር። ወደ ቀስቤ አየች። ቀስቤ አሁንም ቆማ ናት፤ የቀሚሷን ጫፍ ግን ለቃዋለች።

«አጎቴ ዲጄ አይደለም» አለች ሚጡ። «ስፒከር ነው የሚሸከመው። እኔም የሸክላ ማጫወቻ በእጄ የነካሁት ሰኞ ዕለት እዚህ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል፤ መሬት እንደሆነች በዚህ ጊዜ ንቅንቅ አትልም። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ኖሮ ደስ ባላት። ጎማ «እሺ» ብቻ አለ፤ «እሺ ዲጄ» አላለም። ይቺ የጎደለችው ቃል ከቁጣም በላይ አቃጠለቻት።

መምህሩ ጠጋኙን ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱት። ለባለሱቁ ደወሉና ዕቃው እንዳልተከፈተ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞሩ። የመረጡት ሁለቱ ናቸውና የሚመልሱትም ሁለቱ ይሁኑ አሉ። ቀስቤ ያለችው «እሺ» ብቻ ነው።

ካርቶኑን ለሁለት ይዘው ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ቀስቤ ቆመች።

«አንቺ ከፊት ሁኚ» አለች።

ከፊት የሚሆነው ሰው ወደ ኋላ እየረገጠ ነው የሚወርደው፤ እግሩ የሚያርፍበትን አያይም። ሚጡ የመጀመሪያውን ደረጃ በእግሯ ጣት ፈልጋ አገኘችው። ከባድ ነው፣ ያስፈራልም። ቅዳሜ ቀስቤ እንዲህ ወደ ኋላ እየረገጠች ስትወጣ ሚጡ ስለ አጎቷ ሠርግ ቤት ጀብዱ እየፈጠረች ታወራላት ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደረጃ አለ አላለቻትም።

«አንድ ቀረሽ» አለች ቀስቤ ወደታች እያየች። «አሁን ጨረስሽ።»

«ቀስቤ፣ ይቅርታ።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች ቀስቤ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ጨመረች፤ «ማታ ማታ እኮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ሚጡ የቀስቤን እርምጃ እየጠበቀች ቀስ ብላ ተራመደች።

ባለሱቁ ካርቶኑን ተቀብለው ጥጉ የተጨራመተበትን አዩና ወድቋል ወይ አሉ። ሚጡ ደረጃ እንደነካ ነገረቻቸው። ቀዩን ሣጥን አውጥተው፣ ቺንጊያውን መልሰው፣ አንድ ሸክላ አስቀመጡበት። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ማንም ሳይነካው ሲዞር የሚያምር ድምፅ ነበረው። ባለሱቁ አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሚያዳምጥ ሰው እሸጠዋለሁ አሉ። ጥቁሩ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከተቀደደ ስቲከሩ ጋር።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «እህ፣ አሁንስ?» አሉ። «ለማዳመጥ ነው ወይስ ለስክራች?»

የሚጡ ጆሮ እንደገና ጋለ። ቀስቤ ከጎኗ ቆማ ጥቁሩን እንጂ እሷን አታይም።

«ለስክራች ነው ጋሼ» አለች። «ግን ልዩነታቸውን አላውቅም። ከመጀመሪያው ያስረዱኝ።»

ባለሱቁ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ጥቁሩን ማጫወቻ አውርደው በሦስቱ መሃል አስቀመጡት። ቀስቤ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አወረደች፤ ሚጡም ቦታ ልትሰጣት ትንሽ ጠጋ አለችላት።